ትራስና ጥይት በአንድ ግራፍ

ተሳፋሪዎቹ «ትራስ» ይሉታል። እሱ የሚነዳው አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ሳይቆይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲነሳ አይመነጭቅ፣ ሲቆም አያንገጫግጭ። ከዕድሜ ልክ ድካም ያተረፈው ሀብት ይህ ስም ብቻ ነው። ወገቡ አልቋል፣ ጉልበቱ ከመሪው ስር እንደታጠፈ ቀርቷል፣ ዓይኑም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አብሯት ይደክማል። የዓይኑን ነገር ግን ለሚስቱም አልተነፈሰ።

ሰሞኑን «ሾፌሩ ሲቆም ይደፋናል» የሚል አቤቱታ በዛ። በዚያ መንገድ የሚነዱት ሁለት ናቸው፦ እሱና «ጥይት» የሚሉት ጎረምሳ። ጥፋተኛው ከመሪ ወርዶ የጋራዥ በር ይጠብቃል ተባለ። ትራስ አልተጨነቀም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ብሎ ነገሩን በጥይት ላይ ጨርሶታል።

የድርጅቱ የሾፌሮች አሰልጣኝ ሁለቱን ጠርታ፣ አውቶቡሶቹ ላይ የተገጠመው መሣሪያ የመዘገበውን ግራፍ ግድግዳው ላይ አበራችው። አግድሙ ጊዜ፣ ሽቅቡ ፍጥነት ነው። ሁለት መስመሮች አሉበት፣ ቀይና ሰማያዊ። የማን የማን እንደሆኑ አልተጻፈም።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለችው።

«ምኑ ይፈረዳል! ቀዩ ነዋ ከፍ ያለው፤ የሚበረው እሱ ነው» አለ፣ ጥይትን በጎን እያየ።

«ከፍታው ምን ያህል እንደፈጠነ ብቻ ነው የሚነግረን። ሰው የሚደፋው ግን ፍጥነቱ በድንገት ሲቀየር ነው። ቁልቁለቱን ይዩት። ቀጥ ብሎ በወረደ ቁጥር ፍሬኑ የከፋ ነው።»

ትራስ ከግድግዳው ስር እስኪደርስ ተጠጋ። ቀዩ ከላይ ተነስቶ ቀስ እያለ ዜሮ ላይ አረፈ። ሰማያዊው የተነሳው ዝቅ ካለ ቦታ ነው፤ ማቆሚያው ጋ ሲደርስ ግን ገደል እንደገባ ሰው ወደቀ። ገባው። ሲገባው ደግሞ የባለሙያ ቁጣው ገነፈለ።

«ይሄማ ማቆሚያውን ያየው አፍንጫው ስር ሲደርስ ነው! ይሄ ሾፌር ይባላል? ዛሬውኑ ቁልፉን ተቀበይው፤ ይሉኝታ እንዳይዝሽ!»

አሰልጣኟ አንገቷን ደፋች። ጥይት የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«የማን ነው?» አለ ትራስ፣ ሁለቱን በየተራ እያየ።

«የእርስዎ ነው ጋሼ። የአመሻሹ ጉዞ ነው።»

አፈረ። መሟገት ይችል ነበር፤ ነገር ግን የፈረደበት የገዛ አፉ ነው። ደግሞም ደክሞት ነበር። ከመንዳቱ ይልቅ ዓይኑን መደበቁ ነበር ያደከመው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እንግዲህ ፈርጃለሁ» አለ።

ወደ ቤቱ የሄደው በጥይት አውቶቡስ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጦ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ መቼ ይደፋኝ ይሆን ብሎ ጠበቀ። አንድ ማቆሚያ ታለፈ፣ ሌላም ታለፈ። መቆማቸውን የሚያውቀው በሩ ሲከፈት ነበር። እጁ ቀስ በቀስ ላላ።

«ጋሼ» አለ ጥይት፣ ትከሻውን እየነካ። አውቶቡሱ ባዶ ነበር። «መጨረሻው ጋ ደርሰናል። ሰፈርዎን አልፈነዋል፤ ልቀሰቅስዎ አልጨከንኩም።»