አበበች ክኒኑን የተወችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ አባቱ ያወራኝ ጀመር። አባቱ ለልባቸው ሕመም ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ምርመራው፣ ቀጠሮው፣ «ይህን ብላ፣ ያንን ተው» መባሉ ሰልችቷቸዋል። ታዲያ አንድ ዘመድ የነጭ ሽንኩርትና የቅጠል እንክብል ከአዲስ አበባ ልኮላቸዋል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም ይላሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ፣ መምህርት?»

«ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ክኒኑን እንዳይተዉ» አልኩት። የቀረውን ለመናገር ጉልበት አጣሁ።

ያኔ፣ የእህቴ ነገር ሲሆን፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዶዮገና ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ ታላቅ እህቴ አበበች ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። በልጅነቷ እየተመላለሰ ያመማት ቶንሲል ልቧን ጎድቶት፣ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ታዞላት ነበር። ክኒኗ ትንሽ ናት፤ ጣጣዋ ግን ቤቱን ሞልቶታል። በየወሩ ሆሳዕና ሄዳ ደሟን ማስመርመር ነበረባት። ቶሎ ስለሚደክማት ብቻዋን አልለቃትም። ዳይሬክተሩን ፈቃድ እለምናለሁ፤ ጎህ ሲቀድ መንገድ ዳር እንቆማለን፤ መኪና እስኪመጣ የደጋው ጉም ነጠላችንን ያርሰዋል። ሆሳዕና ወረፋ፣ ከዚያ ውጤት መጠበቅ፣ በመሀል ዳቦ በሻይ፣ ከዚያ ያው ጭቃ መንገድ። በጣም ሰልችቶኝ ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

የጎመኑ ነገር ደግሞ አለ። የሆሳዕናዋ ነርስ «ጎመን ሲበዛ መድኃኒቱን ያደክመዋል፤ ሁልጊዜ በልክ ይሁን» ብላታለች። በእኛ አገር ጎመን በልክ የሚበላው የት ቤት ነው? ሰው ቤት ስንሄድ ቆጮው በቅቤ ከታሸ ጎመን ጋር ይቀርባል፤ እሷ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀምሳ ስትተው ባለቤቶቹ ፊታቸው ይለወጣል። ድዷ ይደማል፣ ትንሽ ሲነካት ክንዷ ይበልዛል። «በሽተኛነቴን የምረሳበት አንድ ምሳ እንኳ የለኝም» አለችኝ አንድ ቀን።

ነሐሴ ላይ የአክስታችን ጎረቤት ከአርባ ምንጭ ሺፈራው የሚሉትን የሞሪንጋ ዛፍ ቅጠል ዱቄት አመጣችላት። ከነጭ ሽንኩርትና ከጥቁር አዝሙድ ጋር በማር ለውሳ በጠርሙስ ሰጠቻት።

«ደም ያጠራል፤ ያቀጥናልም» አለቻት። «እግዚአብሔር የፈጠረው ቅጠል ነው፣ ልጄ፤ ከፋብሪካ የወጣ አይደለም።»

አበበች ሁለት ሳምንት ያህል ሁለቱንም ወሰደች፤ ከዚያ ክኒኑን ተወችው። የድዷ መድማት ቆመ፣ ብልዙም ጠፋ። ክኒኑ ስለቀረ ነው ያለ ሰው የለም። ዳነች አልን፤ እሷም ጎመኗን እንደ ልቧ በላች። የመስከረም ቀጠሮዋ ሲደርስ «እንሂድ እንዴ?» አልኳት። «ምን ሊሉኝ? ደህና ነኝ እኮ» አለች። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ያለው ይውጣ ሲባል አበበች ተነሳች። በከምባትኛ ጀምራ፣ እንግዶች ስለነበሩ ወደ አማርኛ ዞረች። «ጌታ ከመድኃኒት አወጣኝ» አለች። ሰው ሁሉ ሃሌ ሉያ አለ። እኔም አልኩ። ዱቄቱን አምኜው አልነበረም። ቢያንስ ሐኪም መጠየቅ እንዳለበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። ነገር ግን ከእንግዲህ ፈቃድ ልመና እንደሌለ፣ ጉም ውስጥ መቆም እንደሌለ አሰብኩና ደስ አለኝ።

ስንወጣ መጋቢው ጠጋ ብለው «አበበች፣ እኔ የስኳር መድኃኒቴን ውጬ ነው የምሰብከው። ሐኪምሽ ቢያውቀው ጥሩ ነው» አሏት። ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳቻቸው። መንገድ ላይ ግን ክንዴን ይዛ «ከመሰከርኩ በኋላ?» አለችኝ። ሕዝብ ፊት ዳንኩ ያለች ሴት በማግስቱ ክኒን ፍለጋ መሄድ አፍራ ነበር። ነገ እንሄዳለን ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

«እስቲ እናያለን» አልኳት።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት ድንች ስትልጥ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ላንሳው ብላ ስታጎነብስ ተደፋች። ስትሮክ ነበር። ሆሳዕና ስናደርሳት ያቺው ነርስ ምን ስትወስድ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«ዋናው የክኒኑ መቅረት ነው» አለች በቀስታ። «ግን ሺፈራውም እኮ እንደ ጎመን አረንጓዴ ቅጠል ነው። ጎመን በልክ ይሁን ያልናት ለምን ይመስልሻል?»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አበበች ዛሬም ከእኔ ጋር ናት። ክኒኗን በሰዓቱ ትወስዳለች። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፤ የቀሩላትም ቃላት ጥቂት ናቸው። አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ አጎርሳታለሁ። ሰዎች ፍቅር ነው ይሉኛል፤ ፍቅርም አለበት፣ ግን ደክሞኛል። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነ ድካም ነው።

ባልደረባዬ ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ዕለት ቤት ገብቼ ልብሷን ስቀይርላት፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልወጣኝ ነገር ወጣኝ።

«አበቡ፣ ያኔ ሃሌ ሉያ ያልኩት አምኜ አይደለም። መንገዱ ሰልችቶኝ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ሲታገል ጠበቅኳት።

«እኔም» አለች። ቃሉን ፈልጋ «ሰልችቶኝ» አለች።

ይህን ሁሉ ጊዜ እሷ አምና ክኒኑን የተወች፣ እኔ ደግሞ ያታለልኳት መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለታችንም ደክሞን፣ አንዳችን ለሌላችን ደከመኝ ማለት አፍረን ነው። አንዳችን ተናግረን ቢሆን ኖሮ ተሳስቀን፣ ተቆጥተንም ቢሆን፣ በማግስቱ መኪና እንሳፈር ነበር። አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። የማይታዘዘውን ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ፣ እጅጌው ውስጥ እንዳስገባላት ሰጠችኝ።