የጌዲ ሸክም

ጌዲ የኮሚቴ አባል የሆነው በስህተት ነው። ከከምባታ ወደ ሰበታ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ አማርኛውንም የለቀመው ብሎኬት ከሚሸከምበት የግንባታ ቦታ ነው። እዚያ ቃል ሁሉ የሚጨበጥ ነገር አለው፤ «ያዝ» ከተባለ ይያዛል፣ «ውጣ» ከተባለ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ስለዚህ አንድ እሁድ ወንድም አለሙ ከመድረክ ሆኖ «ለተቸገሩ ወገኖች ሸክም ያለው ሰው እጁን ያውጣ» ሲል፣ ጌዲ ሳያመነታ አወጣ። ሸክም እንጀራው ነው። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሸክም ማለት ለአገልግሎት መጨነቅ፣ በልብ መቃጠል መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም።

ስሙ ተጻፈ፣ ተጸለየለት፣ የ«ፍቅር በተግባር» ኮሚቴ ሰባተኛ አባል ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚሸከመውን ነገር እስኪያሳዩት ሦስት ሳምንት በትዕግሥት ጠበቀ። በነዚህ ሦስት ሳምንታት ኮሚቴው የማኅተሙን ቅርጽ አጸደቀ፣ አባላቱ ደረታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉት ባጅም ተወያየ። ሰብሳቢው ወንድም አለሙ ክፉ ሰው አልነበረም። በአንድ ፋብሪካ የአስተዳደር ክፍል ይሠራል፤ በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ ፍቅር ግን ያሰጋዋል።

በአራተኛው ሳምንት የእማማ ብርሃነሽ ጉዳይ መጣ። እማማ ብርሃነሽ ጉልበታቸው ከተበላሸ ጀምሮ ከቤት አይወጡም። ለቀዶ ጥገና ሰባት ወር ወረፋ ጠብቀው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት አዲስ አበባ ተቀጥረዋል፤ ያ ቀን ካለፋቸው ወረፋው እንደገና ከመጨረሻው ይጀምራል። ቤታቸው ያለው ከገደሉ በታች ነው። በክረምት ጭቃው ባጃጅ ቀርቶ አህያ አያስወርድም።

ኮሚቴው ቅዳሜ ተሰበሰበ። አንዱ ቃሬዛ ይገዛ አለ፣ ሌላዋ የመንገዱ ጉዳይ ለወረዳው በደብዳቤ ይገለጽ አለች። ጌዲ አፉን የከፈተው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«እማማ ብርሃነሽ ስንት ኪሎ ናቸው?»

አንዷ እህት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አለሙ ግን በትዕግሥት ፈገግ አለ።

«ወንድም ጌዲ፣ እዚህ የምንመዝነው ሐሳብን ነው እንጂ ሰውን አይደለም።»

ሐሳቦቹ ተመዝነው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት በአስቸኳይ ስብሰባ እንዲወሰን ተስማሙ። በማለዳው የመኪና መጨናነቅ ከሰበታ ሆስፒታሉ ድረስ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ሁሉም ያውቃል፤ ያነሳው ግን የለም። ጌዲም ከኪሎው በኋላ ስለ ሰዓት ለመናገር አፈረ።

ሰኞ ከፎርማኑ ከወንዳፍራሽ ፈቃድ ጠየቀ።

«ዘመድህ ናቸው?» አለው ወንዳፍራሽ።

«አይ፣ የኮሚቴ ናቸው።»

ማክሰኞ ገና ጎህ ሳይቀድ ከእማማ ብርሃነሽ ደጅ ቆመ። እንደሚታዘሉ ሲያውቁ ተቆጡ። በዚህ ዕድሜያቸው በጎረምሳ ጀርባ ላይ መታየት ሞት ነው አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ ጋቢው ከወዴት በኩል ቢታሰር እንደሚሻል አሳዩት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ እግሩ ሲያዳልጠው አንገቱን ጨመቁት።

«ቀስ በል እንጂ! ሲሚንቶ መሰልኩህ?»

«ሲሚንቶ አይናገርም፣ እማማ።»

ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ጀርባው ላይ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤታቸው ኦቦ ኩምሳ ላሞቻቸውን ሊያወጡ በር ከፍተው ጉድ አዩና «ጃባዱ፣ ኢልማ ኮ!» አሉት። በርታ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ይህን ቃል ከሥራ ቦታው ያውቀዋል። አስፋልቱ ላይ ታክሲ አገኙ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም ሆስፒታሉ በር ላይ ነበሩ። ጌዲ ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ዋለ፤ ወንበር ላይ መቀመጥ ይፈቀድ አይፈቀድ እርግጠኛ አልነበረም።

እሁድ ወንድም አለሙ እማማን ማን እንዳደረሳቸው ሳይጠይቅ ከመድረክ ሪፖርት አቀረበ። እህታችን ብርሃነሽ በኮሚቴው ብርቱ ክትትል በሰዓቱ ታክመዋል፤ ረቡዕም ኮሚቴው በክብር ቤታቸው ያስገባቸዋል። ሕዝቡ እልል አለ፣ ጌዲም ከሁሉ ጋር አጨበጨበ። ከጉባኤው በኋላ አለሙ ወደ ጥግ ወስዶ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠው። ከአስቸኳዩ ስብሰባ ያለ ፈቃድ ስለ ቀረ ከአባልነት ተነሥቷል።

«አትቀየም» አለው። «ሸክምህ የቀለለ መስሎን ነው።»

«ልክ ነው» አለ ጌዲ። «እማማ በጣም ቀላል ናቸው።»

አለሙ የጌዲ ንግግር የገባው ማታ ልብሱን ሲያወልቅ ይሁን ወይስ ዘግይቶ፣ ማንም አያውቅም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ እማማ ብርሃነሽን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ፣ ሌሊቱን ዝናብ የመታውን ቁልቁለት ቆሞ ያይ ነበር። ከኮሚቴው የመጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነን ብለዋል። ሲቸግረው ጌዲ ጋ ደወለ።

ጌዲ ፀጉሩ በአቧራ እንደ ነጣ እየሮጠ መጣ። መኪናው አጠገብ ሲደርስ ግን ቆመ።

«እኔ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ» አለ። «ይቻላል?»

አለሙ ፊቱን አየው፤ ሽሙጥ ፈለገበት። አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ይቀለው ነበር።

«አለሙ ልጄ፣» አሉ እማማ ብርሃነሽ ከውስጥ፣ «ይቻላል በለውና እንሂድ፤ እግሬ ደንዝዟል።»

«ይቻላል» አለ አለሙ የመኪናውን በር እየከፈተ።

ጌዲ አዘላቸው። አለሙ የሚያደርገው ሲጠፋው ክራንቻቸውን አነሣ፣ የሱሪውን ጫፍ ጠቀለለና ከኋላ ተከተለ። ሦስት እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ተንሸራተተ። ጌዲ ዞር አላለም፤ በሥራ ቦታ ለአዲስ ገቢ እንደሚነገረው ብቻ አለው፦

«ወንድም አለሙ፣ አይቸኩሉ። እኔ በረገጥኩበት ይርገጡ።»

አለሙም እንደ ተባለው ረገጠ።