ጫኔ ትናንት ያስገጠመኝ ፍሬቻ

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ሲቆጣኝ የነበረ ሰው ሞተ ብለው ዛሬ ጠዋት ነገሩኝ። ስልኩን ዘግቼ እንደገና ደወልኩ። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅ ብዬ ሳላውቀው የደወልኩት ለራሱ ለጫኔ ነው። ጠራ፣ ማንም አላነሳውም።

ለማታውቁት፣ ጫኔ ደባርቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ኮንቴነር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። እኔ ዳባት መለዋወጫ እሸጣለሁ። በስልክ ስንጨቃጨቅ ዓመታት አለፉ። አንድ ሾፌር ከእኔ የኤልኢዲ አምፖል ገዝቶ ፍሬቻው ላይ ባስገባ ቁጥር ጫኔ ይደውላል። «እታለም፣ አንቺ አምፖሉን ትሸጪያለሽ፣ ጣጣውን ለእኔ ትልኪያለሽ» ይለኛል።

እውነቱን ነው። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል ኤሌክትሪክ አይበላም። መኪናው አምፖሉ የተቃጠለ ይመስለውና ፍሬቻውን ያጣድፈዋል። ያኔ ሬዚስተር ይገጠምለታል፤ ጣት የምታህል ወርቅማ ብረት ናት። የጎደለውን እሷ ትበላለታለች፣ ፍሬቻውም ይረጋጋል።

ብዙ ሾፌር ግን ጥድፊያውን ይወደዋል። አንዱ፣ ጫኔ ለሥራ ዳባት በመጣ ቀን፣ እዚሁ ሱቄ በር ላይ «ተወው ጫኔ፣ እንዲህ ሲሆን ያምራል» ሲለው ጫኔ ካቻቢቴውን አስቀምጦ አየው።

«ለማማር ከሆነ ፊኛ እሰርበት። ይኸ ጉም ውስጥ ለሚመጣ ሰው ነው። ቀስ ይበል፣ ሰው ይየው።»

ቀስ ይበል፣ ሰው ይየው። ስንቴ ሰምቻታለሁ።

ትናንት ሆዱን ክፉኛ አሞት ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሪፈር ተጻፈለትና በጎረቤቱ ሚኒባስ ይዘውት ተነሱ። ዳባት ሲደርሱ ኮሶዬ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶታል ተባለ። ዶዘር እስኪመጣ ሜዳ ላይ ከመሰለፍ እዚህ ጤና ጣቢያም አለ ብለው መኪናዋን ሱቄ ፊት ለፊት አቆሟት።

ወንበሮቹ ተነስተው ፍራሽ ተነጥፎለታል። ሚስቱ ወርቄ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛዋለች። ነርስ ጠራን፣ ማስታገሻ ወጋችው፣ «የሚያስፈልገው ኦፕራሲዮን ነው፣ እዚህ አይሆንም» ብላ ሄደች። ለማውቀው ሰው ሁሉ ደወልኩ። ሁሉም ዶዘሩ እየመጣ ነው ይለኛል። ዝናቡ አላባራም። እኔ የመኪናውን በር ይዤ አለቅሳለሁ። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

በዚህ መሀል ጫኔ ዓይኑን ገለጠ። ሾፌሩ ዳር ሲይዝ ያበራውን የቀኝ ፍሬቻ በድንጋጤ ሳያጠፋው ቀርቶ ቀጭቀጭቀጭ እያለ ይጣደፋል።

«ይቺን ማን ነካት?» አለ።

ሾፌሩ የኋላ መብራቱ ተሰብሮ ሲቀየር ሬዚስተሩ ሳይመለስ እንደቀረ ነገረው።

«እታለም፣ አንድ ሬዚስተር ይዘሽ ነይ።»

«በእመቤቴ ጫኔ፣ አሁን ፍሬቻ ነው የሚታይህ?» አለች ወርቄ።

«ተይኝ ወርቄ። ይኸ ድምፅ ከሆዴ ብሷል።»

ሮጬ አመጣሁ። ሾፌሩ ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ «አንተ ጃንጥላ ያዝላት፣ እሷ ትግጠመው» አለ።

ይኸን ዕቃ ሸጬ እንጂ ገጥሜ አላውቅም። እሱ በጀርባው ተኝቶ፣ ሳያየኝ፣ ይመራኛል። መጀመሪያ አጥፉት። አንዱን ጫፍ ከፍሬቻው ሽቦ፣ ሌላውን ከቦዲው። ሬዚስተሩን ፕላስቲኩ ላይ ላስቀምጠው ስል፣ ድምፁን ሰምቶ መሰለኝ፣ ከውስጥ ተቆጣ። «ብረት ላይ ነው የሚታሰረው። ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ስንቴ ልንገርሽ?» ፈታሁት፣ እንደገና ገጠምኩት። አብሩት አለ።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

ትንሽ አዳመጠ። «በቃ፣ አሁን ሰው ያየዋል» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ወርቄ እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ለአፍታ እሱን ያዳንኩት መሰለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ሲነሱ ሾፌሩ ያበራው የግራውን ነው፤ ወደ አስፋልቱ የሚወጣው በግራ ነዋ። እኔ የገጠምኩት የቀኙ መንገድ ላይ ሲበራ ከኋላቸው ቆሜ እንኳ አላየሁም።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ብዙም ሳይሄዱ አረፈ። ማታ ስደውል ሾፌሩ «ደህና ነው፣ ደርሰናል» አለኝ። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው ብለው ነው የደበቁኝ። እኔም አምኜ፣ እግዚአብሔርን አመስግኜ፣ እንቅልፌን ለጥ ብዬ ተኛሁ። ይኸ ነው ከሁሉም የሚያንገበግበኝ።

ወርቄን በስልክ፣ ሲያርፍ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት። «ምንም አላለም። እጄን ይዞኝ ነበር፣ ከዚያ ለቀቀኝ» አለችኝ።

ጫኔ፣ ወንድምዓለም። ዶዘሩን ማፍጠን አልቻልኩም። ሐኪም መሆን አልቻልኩም። ሕመሙን ላንድ ደቂቃ እንኳ ልቀበልህ አልቻልኩም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ደባርቅ ይቀብሩሃል፣ እመጣለሁ፤ እዚያም ቆሜ ከማልቀስ በቀር የማደርግልህ የለም።

አንድ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ውስጤን ይበላኛል። ሾፌሩ ከእኔ ይሻል ነበር፣ አንተም ታውቃለህ። ለምን እኔን አልክ? ፍሬቻው እውነት አስጠልቶህ ነበር? ወይስ በሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ አይተህ፣ ለእኔ አዝነህ ነው ሥራ የሰጠኸኝ? ያን ያህል እያመመህ?

ደህና ሁን ጫኔ። መልሱን ሳልሰማ ልሸኝህ ነው።