አንድ ስኒ ሰሊጥ፣ አራት ስኒ አሸዋ

ለጾም ሰሊጥ ልቆላ መጥበሻ በጣድኩ ቁጥር፣ ፍሬዎቹ ጣ ጣ እያሉ መዝለል ሲጀምሩና ሽታው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለችውን ጠባብ ኩሽናዬን ሲሞላት፣ የአባዬ ሦስት ጣቶች ፊቴ ላይ ድቅን ይሉብኛል።

አባዬ የሁመራ ሰው ነው። ናይሮቢ በገባን በዓመቱ፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ልቡ ግን አንድም ቀን ሱቁ ውስጥ አልዋለም። ከአገር ስንወጣ ከአያቴ አውድማ የተረፈ ዘር በእማዬ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ አብሮን መጥቶ ነበር፤ ቢሰፈር አንድ ስኒ ቢሞላ ነው። አያቴ ሞተው እርሻው በሌላ ሰው እጅ ስለገባ፣ ያ ቋጠሮ ካለቀ የእሳቸው ዘር ከዓለም አለቀ ማለት ነበር። አባዬ ይህን ሳይሰለች ስለሚነግረን፣ ቋጠሮው በተነሳ ቁጥር ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።

የሱቁ ደንበኛ የነበሩ ማማ ምዌንዴ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ በማቻኮስ መንገድ ዳር ካለው፣ ሻምባ ከሚሉት እርሻቸው ጥጉን እንዲዘራበት ፈቀዱለት። ዝናቡ እንዳለፈ፣ የሚመጣው ወር ብርድ እንደሆነ ነግረውት «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በል፣ ኦክቶበርን ጠብቅ» ቢሉት፣ በተሰባበረ ስዋሂሊው ሰሊጥ ከሰኔ ሚካኤል ወዲያ እንደሚዘራ፣ አባቱም አያቱም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር አስረዳቸው። እማዬ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብላ ነገሩን ተወችው። ከአባዬ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰሊጥ ደቃቅ ስለሆነ ብቻውን ከዘሩት ከእጅ ይፈስና አንድ ቦታ ይከማቻል። ስለዚህ ከተነፋ ደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቀላል፤ የአባዬ ስፍር ለአንድ ስኒ ሰሊጥ አራት ስኒ አሸዋ ነበር። የመቀላቀሉ ሥራ የእማዬ ነበርና ልንዘራ በምንሄድበት ቅዳሜ ጧት ኩሽና ውስጥ ሳያት፣ ከቋጠሮው ጥቂት ቆንጥራ አሸዋው ላይ ጨመረች፣ የቀረውን መልሳ ቋጥራ ሳጥኗ ውስጥ ከክርስትና ልብሴ ሥር ሸጎጠችው። ቀና ስትል በር ላይ ቆሜያለሁ።

«አንቺ ምንም አላየሽም» አለችኝ።

በማታቱ ሚኒባስ ሄደን ቀኑን ሙሉ ዘራን። አባዬ በእንጨት ጫፍ ፈር እያወጣ፣ ሦስት ጣቶቹን እያሻሸ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው ይነሰንሳል፤ እኔ ከኋላው እየተከተልኩ በመዳፌ ስስ አፈር አለብሳለሁ። ባበዛሁ ቁጥር «የሕፃን ፊት ነው፣ አትሸፍኚው፤ ይታፈናል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን አሸዋ እየቀበርን መሆኑን ስለማውቅ ቀና ብዬ ላየው አፍሬ ነበር።

ሐምሌን በየቅዳሜው ሹራብ ደራርበን ተመላለስን። ጥቂት ቢጫ ቡቃያዎች ብቅ ብለው ብርዱ እዚያው አስቀራቸው። አንድ ቀን አባዬ ቤት እንደገባን ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «የአባቴን ዘር ጨረስኩት» ብሎ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እማዬን አየኋት፤ ሻይ ቀዳችለት እንጂ ስለ ቋጠሮው አልተነፈሰችም። ጨካኝ መሰለችኝ፤ ተቀየምኳት። ኋላ ስጠይቃት ግን ያኔ ብትሰጠው ኖሮ በማግስቱ ይዘራው እንደነበር ነገረችኝ፤ እውነቷን ነው።

አገር ቤት ሰሊጥ በሚታጨድበት በጥቅምት፣ ናይሮቢ ላይ ዝናቡ ሲጀምር፣ ቋጠሮውን አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ፈታው፣ በመዳፉ መዘነው።

«ለመሆኑ ስንት ስኒ አሸዋ ነው ያዘራሽኝ?»

«የሚበቃህን ያህል» አለችው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ያ ዘር በቀለ። ቡቃያው ሲጠቀጠቅ አባዬ በየአራት ጣቱ አንዱን እያስቀረ ሌላውን ያስነቅለኝ ነበር። ጥር ሲያልቅ፣ የታችኞቹ ቆባዎች ተከፍተው ፍሬያቸውን መሬት ሳያራግፉ አጨድን፣ ነዶውን እርስ በርሱ አስደግፈን አቆምነው፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ዘቅዝቀን አራገፍነው። አባዬ የመጀመሪያውን ጭብጥ ለእማዬ ሰጣት፤ ከዚያ ወዲህ የከርሞውን ዘር የምትቋጥረው እሷ ሆነች።

እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። አባዬ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ስሜን የሚረሳበት ቀን አለ፣ ሰኔ ሚካኤልን ግን አይረሳም። ዘንድሮም በማግስቱ «ዘሬን አምጪ» አለኝ። ልጄ አያቷን «ባቡ፣ ኢትስ ጁን፣ ይበርዳል እኮ» ብትለው አልሰማትም። ኩሽና ገብቼ ከቋጠሮው ጥቂት ቆንጥሬ በጎድጓዳ ሳህን ያለ አሸዋ ላይ ጨመርኩ፣ ቋጠሮውን መልሼ ሸጎጥኩ። እማዬ ዘሩን ያዳነችው ከችኮላው ነበር፤ እኔ የማድነው ከመርሳቱ ነው፤ የእኔው ይከብዳል፤ እሷ ጥቅምት ሲመጣ ቋጠሮውን የምትመልስለት ሰው ነበራት።

በረንዳው ላይ ካሉት የአበባ ሳጥኖች ፊት ወንበር አቀረብኩለት። ጎድጓዳውን ሳህን ተቀብሎ ሦስት ጣቶቹን አሻሸ፣ ቆም አለ፣ እንደገና አሻሸ።

«እናትሽም አሸዋ ታበዛ ነበር» አለና መዝራቱን ቀጠለ።