አንድ ጉንጭ ባሕር

በሰው አገር፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ውስጥ ታክሲዬን ኦይል ቼንጅ ላስደርግ ቆሜያለሁ። የልጆቼን ስም የሚያምታታው ጭንቅላቴ፣ የተቃጠለ ዘይት ሲሸተው ግን ሳይሳሳት አሰብ ወደብ ይወስደኛል።

በልጅነቴ እዚያ ጎረቤታችን የነበሩት ጋሽ ዑመር ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። መረብ ሳይጥሉ በፊት አንድ ጉንጭ የባሕር ውኃ አፋቸው ውስጥ አንከባልለው ይተፋሉ፤ ዓሣ መኖሩን በጣዕሙ ያውቃሉ። እኔም እንደ ሊቅ ስጎነጭ ቁርሴን መልሼ ለዓሦቹ አበረክት ነበር።

አንድ ጠዋት በጀልባቸው ይዘውኝ ወጡ። ወደቡ ላይ የቆመ መርከብ የነዳጅ ጋኑን አጥቦ እጣቢውን ባሕሩ ላይ ለቆት ኖሮ፣ ውኃው እንደ ርግብ አንገት ያብረቀርቃል። እኔ ሞኙ "ሲያምር!" ብዬ አጨበጨብኩ።

ጋሽ ዑመር ተጎነጩ። ቶሎ አልተፉም። ራቅ ብለን ቀዘፍን፤ ደግመው ተጎነጩ።

"ባሕሩ አላወቀኝም" አሉ።

"ጺምዎን ስለተላጩ ይሆናላ!" አልኳቸው።

ሁልጊዜ በቀልዴ የሚስቁት ሰውዬ አልሳቁም። መረቡን ደረቁን ጠቅልለው ወደ ዳር ቀዘፉ። ከዚያ በኋላ ወደብ ላይ ከመርከብ ጆንያ ሲያወርዱ አያቸው ነበር። ጀርባቸው ሁልጊዜ ለባሕሩ ነው።

"አለቀ፣ አባባ" አለኝ መካኒኩ፣ ያገራችን ልጅ።

"አሮጌው ዘይት ወዴት ይሄዳል?"

"መኪና መጥቶ ይወስደዋል።"

"ከዚያስ?"

"አይ ዶንት ኖው፣ አባባ!" ብሎ ሳቀ። ፊቴ የቀልደኛ ፊት ነውና አልፈርድበትም። የምሬን ነበር የጠየቅኩት።