ስለ ሁለት አተሮች የተጠየቅኩት

እግዚአብሔር መንታ ሴት ልጆች ሰጥቶኛል፤ ስሙ ይመስገን። መርካቶ፣ እህል በረንዳ አተርና ባቄላ እሸጣለሁ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከጎኔ ተቀምጠው አተር ይለቅማሉ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ አፋቸው ይብሳል።

ባለፈው ዓመት፣ ሰባተኛ ክፍል ሳሉ፣ የእንግሊዝኛ መምህራቸው አስጠራኝ። ልጆችሽ ፈተና ላይ ኮርጀዋል ተባልኩ። ውጤታቸው ሊሰረዝ፣ ክፍሉንም ሊደግሙ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ እየጸለይኩ ሄድኩ። መንገድ ላይ አንድ ተሸካሚ «ዞር በይ!» ሲለኝ «አሜን» አልኩት።

መምህሩ ወጣት ነው። ልጆቼ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ አንደኛዋ አፍንጫዋን ስታሽ ሌላዋም ታሻለች።

«እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ላይ ሁለቱም ቃል በቃል አንድ ዓይነት ስህተት ጽፈዋል። ሳይኮራረጁ እንዴት ይሆናል?»

«ጥያቄው ምን ነበር፣ መምህር?»

«የእንግሊዞች አባባል ነው። ሁለት ሰዎች ‹በአንድ ቅርፊት ውስጥ እንዳሉ ሁለት አተሮች ናቸው› ቢባሉ ምን ማለት ነው?»

እፎይ አልኩ። አተር ከሆነማ!

«አንዱ ደህና ቢሆን እንኳ ሌላውን ነቀዝ በልቶት ይሆናል፤ ሳያዩ አይታመንም ማለት ነው» አልኩት።

ወረቀቶቹን አየ። እኔን አየ። እንደገና ወረቀቶቹን አየ።

«ልጆቹ ነግረውዎት ነው?»

«ምኑን?»

የጻፉትን ተረጎመልኝ። ነቀዙም ሳይቀር አለ። ከዚያ ሳቁ መጥቶበት ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

«ኩረጃውስ አለ፤ ግን ከእርስዎ ነው!»

ፈተናው እንደማይሰረዝ ነገረኝ። ትርጉሙንም አስረዳኝ፤ ሁለት ሰዎች በጣም ተመሳስለው መለየት ሲያቅት የሚባል ነው፤ እኛ «ቁርጥ እሷን» እንደምንለው።

«ሁለት አተር ይመሳሰላል እንዴ? እነዚህ ሰዎች አተር ለቅመው አያውቁም?»

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«እንግዲያው ነጥቡን ይስጧቸዋ!»

«እሱስ ዜሮ ነው።»

አመስግኜ ልጆቼን አስከተልኩ። ገና ከበሩ ሳንወጣ ልጆቼ ተቆጡ።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያሳሳትሽን!» አሉ፤ ሁለቱም እኩል።

ቢሆንም ዜሮዋን የገዛ እጃቸው ነው ያመጣት፤ ከማንም አልሰረቋትም። ከተወለድኩ ለዜሮ ተመስገን ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።