የተመለሰች ጉርሻ

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በርበሬ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ባለ በርበሬ ሱቋን ቀመሪያን ይፈራታል። ምንም ቢምልላት፣ ከማዳበሪያው ግርጌ አንድ ጭብጥ ዝቃ በብርጭቆ ውሃ ላይ ሳትበትን አትቀበለውም። ከብርጭቆው ሥር ቀይ ዝቃጭ ከተኛ ነገሩ አለቀ፤ የሸክላ ዱቄት ነው። «ይዘኸው ሂድ» ትለዋለች፣ ሌላ ቃል የለም።

ይህ ጠባይ ለሱቋ ስም አተረፈላት፤ ለኑሮዋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እረፍት ነሳት። ወተቱ ውሃ ገብቶበታል ትላለች። ጎረቤት ከወትሮው ሞቅ አድርጎ ሰላም ካላት፣ ምን ፈልጎ ይሆን ስትል ትውላለች። የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ በር ሲከፍትላት እንኳ ዞር ብላ ታየዋለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልጠረጠረችው ባሏን ሙኒርን ብቻ ነበር። ሙኒር ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝምተኛ፣ ከቤት ሱቅ ከሱቅ ቤት። እንዲህ ያለውን ሰው ምኑን ትጠርጥረው?

የአረፋ ዕለት ግን ነገር ተበላሸ። የሙኒር አጎት ዓብዱልሰላም ዘመድ አዝማድ አስከትለው መጥተዋል። ክትፎው ቀርቧል። ቀመሪያ በቆጮ ጠቅልላ፣ ደህና አድርጋ፣ በእንግዶቹ ፊት ባሏን አጎረሰችው። ሙኒር አፉን ከፍቶ ተቀበለ። ወዲያው ምላሱ ወጣና ጉርሻውን ገፍቶ መሃል ሳህኑ ላይ ጣለው። ሙኒር አፉን በእጁ ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ፤ እንግዶቹም አንገታቸውን ደፉ። የሚስትን ጉርሻ በሰው ፊት መትፋት ከስድብም ከጥፊም ይብሳል። ቀመሪያ በዚያች ቅጽበት ያፈረችውን ያህል በሕይወቷ አፍራ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሙኒር ከመሶቡ ቀረ። «ሱቅ በልቻለሁ» ማለት አመጣ። ማን ነው የሚያበላው? ጥርጣሬዋ ሥራውን ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ የደም ነጠብጣብ ታያለች፤ ከንፈሩ ተነክሷል፤ ማን ነከሰው? ደረጃ ሲወጣ ይንገዳገዳል፤ ትከሻው ሳያስበው ይዘላል። ጥበቃው ባልሽ ትንሽ ቀማምሷል መሰለኝ አላት። ሲተኛ አፉን አሸተተች፤ ምንም። ኪሱን ፈተሸች፤ የጫት እንጨት አላገኘችም፤ ያገኘችው የፕላስቲክ ሳህን ክዳን ነው። ክዳኑ የኢሊሊ ነበር። ኢሊሊ ከሙኒር ሱቅ ጎን ሾርባና አጥሚት የምትሸጥ፣ ሳቂታ፣ ባል የሌላት ሴት ናት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ወደ ዓብዱልሰላም ደወለች። ሽማግሌው ብዙም አልገረማቸውም። እንደ ረሻድ መሆኑ ነው አሏት፤ ረሻድ የሙኒር ታላቅ ወንድም ነው፤ መጠጥ በላው ተብሎ ከቤተሰቡ ተገፍቶ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው፤ ስሙን የሚያነሳ የለም። እሑድ ከቀትር ሰላት በኋላ ሽማግሌ እንዲቀመጥና ፍቺው እንዲያልቅ ተነጋገሩ። የአሥራ አራት ዓመት ትዳር ሦስት ቀን ቀረው።

ቀመሪያ ግን በብርጭቆ ሳታየው የምትፈርድ ሴት አይደለችም። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሱቋን ዘግታ ሄደች። የሙኒር ሱቅ በር ገርበብ ብሏል። ከመጋረጃው ኋላ ሁለት ሰው አገኛለሁ ብላ መጋረጃውን ገለጠችው።

ሙኒር ብቻውን ነበር። ፊቱን ወደ ጥግ አዙሮ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። አጥሚቱን በማንኪያ ወደ አፉ ያስገባል፤ ምላሱ መልሶ ያወጣዋል። በቁራጭ ጨርቅ ይጠርጋል፤ እንደገና ያስገባል። ግራ እጁ የራሱ አልመስል ብሎ ወደ ጎን ይፈናጠራል። እግሩ ሥር የረጠበ ቁራጭ ጨርቅ ተከምሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከአረፋ በፊት።» ቃሉ እየተኮላተፈ ወጣ። «ምላሴ አይታዘዘኝም፣ ቀመሪያ። ጉርሻሽን ወድጄ አልተፋሁም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ታምኚኝ ነበር?»

ጨርቁን ከእጁ ተቀብላ አገጩን ጠረገችለት። ይሁንና ጠባይ ጠባይ ነውና፣ ሐኪምም ይህንኑ ሲል ልስማ ብላ በማግስቱ ሆስፒታል ይዛው ሄደች።

የነርቭ ሐኪሙ ሙኒርን አስቀምጦ፣ አራምዶ፣ ምላሱን አስወጥቶ አየና ደም አዘዘለት። ደሙ ተቀዳ፤ ጠበቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የላቦራቶሪዋ ልጅ መቅደላዊት ብቅ ብላ ሌላ ደም ካልወሰድኩ አለች። የቀመሪያ ዓይን ጠበበ።

«የመጀመሪያውን ምን አደረግሽው?»

መቅደላዊት አልተቆጣችም። ቀዩ የደም ሕዋስ እንደ ልብስ ቁልፍ ክብና ለስላሳ መሆን እንዳለበት፣ የሙኒር ግን ብዙው እሾህ አውጥቶ እንዳየችው አስረዳች። ደም በብልቃጥ ሲቆይ ወይም መስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ጤነኛውም እሾህ ሊያወጣ ይችላል።

«ስለዚህ ራሴን ጠረጠርኩ» አለች። «አሁን ከጣቱ ወስጄ ወዲያው እቀባዋለሁ። ከፈቀዱ ከእርስዎም ልውሰድ። በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም። የእኔ ጥፋት ከሆነ የእርስዎም እሾህ ያወጣል።»

ቀመሪያ ጣቷን ሰጠች። በልቧ ይህቺን ልጅ ወደደቻት፤ የገዛ እጇን የምትጠረጥር ሰው አጋጥሟት አያውቅም ነበር። ሲደርስ ማይክሮስኮፑን አሳየቻት። የቀመሪያ ደም ክብ ክብ፣ ለስላሳ። የሙኒር ደም ደግሞ ዙሪያው ያልተስተካከለ እሾህ፣ አንዱ ረዘም አንዱ አጠር ያለ። ቀመሪያ ደጋግማ አየች፤ ሦስት ጊዜ መስታወቱን አስለወጠች፤ ያው ነው።

ሐኪሙ እየቆጠበ ነበር የተናገረው። እጅግ ጥቂት ሰው የሚይዘው፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ ለማረጋገጥ ናሙና ውጭ አገር መላክ አለበት። እንቅስቃሴ የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ቀስ በቀስ ያደክማል፤ ከንፈሩንም በእንቅልፉ የሚነክሰው ራሱ ነው። እሾሃሙ ደም ምልክቱ እንጂ የመንገዳገዱ ምክንያት አይደለም። የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚያቀልል ግን አለ። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ስለሆነ የሚይዘው፣ ቀመሪያ የሥጋ ዘመዱ ካልሆነች ለልጃቸው ለሙፊዳ እምብዛም እንደማያሰጋ ነገራቸው። ቀመሪያ ይህንንም ለጊዜው በልቧ ይዛ፣ በኋላ እንደገና ልትጠይቅ ወሰነች።

ከዚያ ሐኪሙ ከእህት ከወንድም እንዲህ የሆነ ሰው ካለ ብሎ ጠየቀ።

«ወንድሜ» አለ ሙኒር። «ሰካራም ነው ብለን ነበር።»



እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዓብዱልሰላም ከላይ ተቀመጡ። ቀመሪያ ስለ ፍቺ አላነሳችም፤ ምሳ አቀረበች። ሐኪም ቤት እንዳስተማሯት ትንሽዬ ጉርሻ ጠቀለለች፤ የሙኒርን አገጭ በግራ እጇ ቀና አድርጋ፣ ጣቶቿን እስከ መንጋጋው ጥርስ አስገብታ፣ ምላሱ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጠችለት። አገጩን ደግፋ ያዘችው። ሰዉ ሁሉ እጁን ሰብስቦ ያያል። ጉሮሮው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ዋጠ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምላሱን፣ ደሙን፣ እሾሁን፣ ሐኪሙ የጠየቀውን።

«እንግዲያ ረሻድም...» ብለው ዓብዱልሰላም ጀመሩና አልጨረሱትም።

«በረመዳን ለፊጥር፣ ጾም መፍቻ ላይ፣ ደጃፌ ድረስ መጥቶ ነበር» አለች ቀመሪያ። ይህን ከባሏ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «እየተንገዳገደ ነው የመጣው። በጾም ሰክሮ መጣ ብዬ በሩን ዘጋሁበት። አፉን እንኳ አላሸተትኩም።»

አለቀሰች። ሙኒር የሚፈናጠረውን እጁን በሌላኛው እጁ አፍኖ ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል። ቀመሪያ በዕድሜዋ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሳትበትን የተቀበለችው የሰው ወሬ፣ ረሻድ ሰካራም ነው የተባለው ብቻ ነበር።